ስሙ ተለወጠ፣ ፓርቲውስ? ስለ ስዊዘርላንዱ «ዲ ሚተ» ጥያቄና መልስ

የስዊዘርላንድ ክርስቲያን ዴሞክራቶች በ2021 መጀመሪያ «ክርስቲያን» የሚለውን ከስማቸው አውጥተው «ዲ ሚተ»፣ ማለትም «መሐል»፣ ተብለዋል። የምኖረው ሉሰርን ነው፤ የዚህን ፓርቲ ነገር ከስም ለውጡ በፊት ጀምሮ በቅርብ ስለምከታተል ለጠየቃችሁኝ ሁሉ አቅሜ የፈቀደውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህ አዲስ ፓርቲ ነው ወይስ የድሮው በሌላ ስም?

የድሮው ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይደለም። የክርስቲያን ዴሞክራት ሕዝብ ፓርቲ፣ ቤ ዴ ፔ ከሚባለው ትንሽ የወግ አጥባቂ ዴሞክራቶች ፓርቲ ጋር ተዋሕዶ የተገኘ ነው። በ2019 ምርጫ የመጀመሪያው 11.4፣ ሁለተኛው 2.4 በመቶ ድምፅ አግኝተው ነበር፤ ስለዚህ የቤቱ ምሰሶ የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። እኔ የፓርቲን ቀጣይነት የምፈልገው በስሙ ውስጥ አይደለም፤ በየካንቶኑ፣ ማለትም በየክፍለ ሀገሩ፣ እና በየማዘጋጃ ቤቱ ባሉት ቅርንጫፎቹ ነው። ሉሰርን ውስጥ ስሙ ከተለወጠ በኋላም ስብሰባ የሚጠሩት፣ ለምክር ቤት እጩ የሚያቀርቡት፣ መዋጮ የሚሰበስቡት ያው የቀድሞዎቹ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤ ዴ ፔ የሚሉት ከየት መጣ?

ታሪኩ ስለ ስዊዘርላንድ ፓርቲዎች አሠራር ብዙ ስለሚያስረዳ ትንሽ ልዘርዝረው። በታኅሣሥ 2007 ፓርላማው የቀኝ ክንፉን የስዊዘርላንድ ሕዝብ ፓርቲ ዋና ሰው ክሪስቶፍ ብሎኸርን አገሪቱን ከሚመሩት ሰባት ሚኒስትሮች መካከል አውጥቶ፣ በቦታቸው የዚያኑ ፓርቲ አባል ኤቬሊን ቪድመር ሽሉምፍን መረጠ። ፓርቲው ሹመቱን እንዳይቀበሉ ፈለገ፤ እርሳቸው ግን ተቀበሉ። ቁጣው ከባድ ነበር፤ ሆኖም ብሔራዊው ፓርቲ ሴትየዋን በቀጥታ ሊያባርር አልቻለም፤ ምክንያቱም አባልነታቸው በግራውቡንደን ካንቶን ቅርንጫፍ በኩል ነበር፣ ቅርንጫፉም አላባርርም አለ። በመጨረሻ በ2008 ቅርንጫፉ ራሱ በጅምላ ተባረረ። ከተባረሩትና ከሌሎች ካንቶኖች፣ በተለይ ከበርን፣ ከተከተሏቸው ሰዎች ቤ ዴ ፔ ተመሠረተ። በ2011 5.4 በመቶ አግኝቶ ነበር፤ ሚኒስትሯ በ2015 መጨረሻ ሥልጣን ሲለቁ ግን ማሽቆልቆሉ ቀጠለ።

ካንቶኑ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ለ«ዲ ሚተ»ም እንዲሁ ሆኗል፤ ብሔራዊው ፓርቲ ስሙን ሲለውጥ ለካንቶን ቅርንጫፎቹ የሚወስኑበትን የዓመታት ጊዜ ሰጥቷቸዋል። አንዳንዶቹ ወዲያው ለወጡ፤ ሌሎቹ ቆዩ።

ጥያቄ፦ አባቶቻችን የመሠረቱትን ስም መጣል ክህደት አይደለም? እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ነገሩ ያሳዝነኛል።

ሐዘንዎን አከብራለሁ። «ክርስቲያን ዴሞክራት» የሚለው ስም ግን የመጣው በ1970 ነው። ከዚያ በፊት ከ1957 ጀምሮ «የወግ አጥባቂ ክርስቲያን ማኅበራዊ ሕዝብ ፓርቲ» ነበር፤ በ1912 ደግሞ «የስዊዘርላንድ ወግ አጥባቂ ሕዝብ ፓርቲ» ተብሎ ነበር የተቋቋመው። አያቶች የመሠረቱት ፓርቲ በስሙ ውስጥ «ክርስቲያን» የሚል ቃል አልነበረውም።

የነበረው ነገር ሌላ ነው። በ1845 ሰባት የካቶሊክ ካንቶኖች የራሳቸውን ኅብረት ፈጥረው በ1847 በአጭር የእርስ በርስ ጦርነት ተሸነፉ። በማግስቱ፣ በ1848፣ የተመሠረተውን ፌዴራላዊ መንግሥት ለአሥርት ዓመታት አሸናፊዎቹ ሊበራሎች ብቻቸውን መሩት። ከካቶሊክ ወግ አጥባቂዎች የመጀመሪያው ሚኒስትር፣ የሉሰርኑ ዮሴፍ ዜምፕ፣ የተመረጡት በ1891 ነው። ፓርቲው የተወለደው ከዚህ ሽንፈት ነው። ተሸናፊዎቹ ሳይሸፍቱ፣ ካንቶናቸውን ይዘው፣ ቀስ በቀስ ወደ መንግሥት ገቡ። እኔ ውርሱ ይህ ነው እላለሁ፤ ይህ ደግሞ ከአራቱም ስሞች ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ለወጡት?

መራጭ ስላጡ ነው። በ1975 21.1 በመቶ የነበረው ድምፅ በ2019 11.4 ደርሶ ነበር። በ1959 ከተስማሙበት የሥልጣን ክፍፍል ሁለት የሚኒስትር ወንበር ነበራቸው፤ በ2003 አንዱን አጡ፤ ያን ጊዜ የፓርቲው ሚኒስትር ሩት ሜትስለር ተሸንፈው ብሎኸር ገቡ። እንደ ዙሪክና በርን ባሉ በታሪካቸው ፕሮቴስታንት የሆኑ ካንቶኖች ደግሞ ፓርቲው የካቶሊኮች ቤት ተደርጎ ስለሚታይ ሌላው ሰው በሩን አያንኳኳም ነበር። ለውጡን የመሩት የያኔው ሊቀ መንበር ጌርሃርድ ፊስተር ከካቶሊኩ ካንቶን ከዙግ የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ውሳኔው ከውጭ የተጫነ ነው ማለት አይቻልም። በ2020 አባላቱ ተጠይቀው ድምፅ ከሰጡት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግፈዋል፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ተወካዮቹ አጸደቁት።

ጥያቄ፦ አቋማቸውስ አልተለወጠም?

በከፊል ተለውጧል፤ ይህን መሸፋፈን ተገቢ አይደለም። ፓርቲው ባለትዳሮች ካልተጋቡ ጥንዶች የበለጠ ግብር መክፈላቸው ይቅር የሚል ሕዝበ ውሳኔ በ2016 አቅርቦ ነበር። ጽሑፉ ጋብቻን የወንድና የሴት ጥምረት ብሎ ይደነግግ ስለነበር ብዙ ደጋፊ አራቀ፤ በ50.8 በመቶ ተቃውሞ ወደቀ። በኋላ መንግሥት የተጎጂ ጥንዶችን ቁጥር 80,000 ብሎ የተናገረው በእውነቱ 454,000 እንደነበር ተገለጠ። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2019 ውጤቱን ሰረዘው፤ በአገሪቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ፌዴራላዊ ሕዝበ ውሳኔ ሲሰረዝ የመጀመሪያው ነበር። ፓርቲው በአዲሱ ስሙ ያንኑ የግብር ጥያቄ መልሶ አንሥቶ በ2024 ፊርማውን አስረክቧል። የአሁኑ ጽሑፍ ግን ጋብቻ ምን እንደሆነ አይደነግግም።

ስለዚህ ጥያቄው ቀጥሏል፣ የሃይማኖቱ ድንበር ግን ተነሥቷል። እኔ ለውጡን እደግፋለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር እንደጠፋ ይሰማኛል። የድሮው ስም ሰው ፓርቲውን ለመውቀስ የሚይዘው ነገር ነበር፤ ስለ ስደተኛ ወይም ስለ ድሃ ሲወሰን «ክርስቲያን ነኝ ብለህ አልነበረም?» ብሎ ለመጠየቅ ያስችል ነበር። አሁን ያ ጥያቄ አባላቱ ራሳቸው ካላነሡት የሚያነሣው የለም።

ጥያቄ፦ በሕግ በኩል ፈቃድ አያስፈልግም? በእኛ አገር የምርጫ ቦርድ አለ።

እዚህ ስዊዘርላንድ ፓርቲ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት እንደማንኛውም ማኅበር ይቆጠራል። በፌዴራል ደረጃ መዝገብ አለ፤ መመዝገብ ግን ግዴታ አይደለም። ስም የሚለውጠው ጉባኤው ነው።

ጥያቄ፦ ጣሊያን ውስጥ ክርስቲያን ዴሞክራቶች ስም ለውጠው ጠፉ አይደል?

ጠፍተዋል፤ ሁኔታው ግን የተለየ ነበር። የጣሊያኑ ፓርቲ በጥር 1994 «የሕዝብ ፓርቲ» ሲባል በሙስና ምርመራ ማዕበል ውስጥ ነበር፤ በዚያው ጊዜ አንዱ ክፍል ተገንጥሎ ወጣ። በ1995 የቀሩትም ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን ስሙን፣ ሌላው ባለ መስቀሉን የጋሻ አርማ ወሰደ። በ2008 እንኳ በዚያ አርማ ጠብ ምርጫው ይራዘማል የሚል ስጋት ነበር። የስዊዞቹ ለውጥ ግን የተደረገው ቤታቸው ሳይከፈል ነው፤ ልዩነቱን የምገልጸው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አተረፉበት?

ጥቂት። በ2023 14.1 በመቶና 29 የብሔራዊ ምክር ቤት (የፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት) መቀመጫ አግኝተዋል፤ የሁለቱ ፓርቲዎች የ2019 ድምር 13.8 በመቶና 28 መቀመጫ ነበር። መጀመሪያ ሊበራሎቹን በድምፅ ቀደሙ ተብሎ ነበር፤ ከቀናት በኋላ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የስሌት ስህተት እንደነበረ አስታወቀና በጠባብ ልዩነት ወደ ኋላ ቀሩ። በላይኛው፣ በካንቶኖች ምክር ቤት ግን በ15 መቀመጫ ትልቁ ፓርቲ ናቸው፤ ይህም የድሮዎቹ የካቶሊክ ካንቶኖች ውለታ ነው።

ጥያቄ፦ የሚኒስትርነቱን ወንበር ሌሎች «የእናንተ አይደለም» አላሏቸውም?

የፓርቲው ሚኒስትር ቪዮላ አምኸርድ በ2018 መጨረሻ ሲመረጡ በድሮው ስም ነበር፤ በ2025 ሲሰናበቱ በአዲሱ። ለተተኪነት በይፋ የቀረቡት ሁለቱም እጩዎች የ«ዲ ሚተ» ሰዎች ነበሩ፤ በመጋቢት 2025 ፓርላማው ማርቲን ፊስተርን መረጠ። እርሳቸውም የዙግ ሰው ናቸው፤ ከቀድሞው ሊቀ መንበር ከጌርሃርድ ፊስተር ጋር እንዳታምታቷቸው።