«እናቴ ህመሟን ሳታውቅ ኬሞ እየወሰደች ነው»

ጥያቄ፦ የ30 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ ደሴ ነበረች። አምና ጡቷ ላይ እብጠት ሲገኝ እኔ ጋ መጣች። ካንሰር መሆኑ ተነገረን። ኦፕራሲዮን ተደርጋ አሁን ኬሞ እየወሰደች ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ «በፍጹም እንዳይነገራት፣ ተስፋ ትቆርጣለች» ስላለ «ዕጢ ነበር፣ ወጥቷል፣ መድኃኒቱ ለጥንቃቄ ነው» አልናት። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ግን «ዕጢው ከወጣ ለምን ታሰቃዩኛላችሁ? ይብቃኝ፣ ጠበል ውሰዱኝ» ትላለች። አልበላም እያለችም በየቀኑ እንጣላለን። ሥራዬ ተበላሽቷል። ደክሞኛል ማለት ደግሞ ያሳፍረኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት የእናትሽን ጥያቄ ነው። «ዕጢው ከወጣ ለምን ታሰቃዩኛላችሁ?» በነገራችኋቸው መሠረት ካሰብን ትክክል ናቸው። ለጥንቃቄ ብቻ ተብሎ ጸጉር የሚያረግፍ፣ አፍ የሚያቆስል፣ ቀናት ሙሉ የሚያስተኛ መድኃኒት ማን በእሺታ ይወስዳል? ከኦፕራሲዮን በኋላ ኬሞ የሚሰጠው በዓይን የማይታዩ የካንሰር ሴሎች በሰውነት ውስጥ ቀርተው ከሆነ እነሱን ለማጥፋት ነው። ዙሩ ሳያልቅ መተው ጥቅሙን ያጎድላል። እናትሽ ይህን አያውቁም። እንዲታገሱ የምትለምኗቸው የሚታገሱበትን ምክንያት ደብቃችሁ ነው።

የደበቃችሁት ከፍቅር መሆኑ አይጠፋኝም። እኛ አገር ክፉ ወሬ የሚነገርበት ሥርዓት አለን። መርዶ ሲሆን ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳል፤ ሰው ብቻውን አይሰማም። ለከባድ ህመም ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት አላበጀንም። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ካንሰርን እንደ መርዶ ይቆጥርና ቀኑን ያራዝማል። የጡት ካንሰር ግን መርዶ አይደለም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር እሱ ነው፤ በጊዜ ተደርሶበት ታክመው ልጅ የዳሩ፣ የልጅ ልጅ ያዩ እናቶችም አሉ።

ደግሞስ እውነት አያውቁም? ለካንሰር ሕክምና ወረፋ የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ካሉት ጋር ያወራል። ሻሽ ያሰሩ ሴቶች «አንቺስ ስንተኛ ዙርሽ ነው?» ይባባላሉ። እናትሽ ጠርጥረው እናንተ እንዳታዝኑ ዝም ብለው ሊሆን ይችላል። ያኔ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ለየብቻ ያለቅሳል ማለት ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ በሥራዬም ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል።

ስለዚህ ንገሯቸው። ኬሞ በወሰዱ ሰሞን ግን አይሁን፤ ድካሙና ማቅለሽለሹ ይበረታል። ብዙ ሰው ከሚቀጥለው ዙር በፊት ባሉት ቀናት ሻል ይለዋል። እናትሽ የሚያምኑት አንድ ሰው ከጎንሽ ይኑር። መጀመሪያ ጠይቂያቸው፦ «እማዬ፣ ስለ ህመምሽ ሁሉንም ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» «ለእናንተ ይንገሯችሁ እንጂ እኔ ምን ያደርግልኛል» ካሉ አታስገድጂ። ያም ሆኖ መድኃኒቱ ለምን እንደማይቋረጥ ማወቅ አለባቸው። «አዎ» ካሉ ሳታድበሰብሺ ንገሪያቸው፦ «ጡትሽ ላይ የነበረው ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ አውጥተውታል። ኬሞው የተረፈ ካለ እንዲያጠፋው ነው። ፈርተን ነው የደበቅንሽ፤ ይቅር በይን።»

ከዚያ ዝም በይ። ካለቀሱ ያልቅሱ። «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» ለማለት አትቸኩዪ፤ በማታውቂው ነገር ቃል መግባት ስለሚሆን ኋላ ያቆስላል። «እሞታለሁ ወይ?» ብለው ከጠየቁ «ሐኪሙን አብረን እንጠይቀው፤ እኔ የትም አልሄድም» ማለት ይበቃል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ለእናትሽ ራሳቸው እንዲያስረዱ ጠይቂ። በበር ለአንቺ ሹክ ተብሎ የሚያልፍ ነገር ይቅር፤ ህመሙ የእሳቸው ነው፣ የማወቅ መብቱም የእሳቸው ነው።

ጠበሉን አትከልክዪያቸው። «ወይ ጠበል ወይ መድኃኒት» ብለሽ ካስመረጥሻቸው ጠበሉን ይመርጣሉ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን መዳረስ በጀመረበት ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ጠበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ እርስ በርስም እንደማይቃረኑ በይፋ ተናግረዋል። የእናትሽን የንስሐ አባት አነጋግሪ፤ ስለ ጾሙም ጭምር። ከእሳቸው አፍ የወጣ አንድ ቃል ከአንቺ መቶ ልመና ይበልጣል። መቼ ቢሄዱ እንደሚሻል ግን ሐኪሙን ጠይቂ። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ በአንዳንድ ቀናት ሰው የሚጨናነቅበት ቦታ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ይህ ጥንቃቄ ቤት ለሚመጣ ጠያቂም ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቅ። ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ውሰጂያቸው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ወደ ምግቡ ልምጣ። የእኛ ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በማብላት ነው። እናት ስትታመም «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» እያሉ ማጉረስ ልማዳችን ነው። በኬሞ ላይ ላለ ሰው ግን ጉርሻው ጭንቅ ሊሆን ይችላል። ጣዕም ይለወጣል፣ ሽታ ያስጠላል። ሽንኩርት ሲቁላላ ብቻ የሚያስመልሳቸው አሉ። ስትሠሪ በሩን ዝጊ ወይም እሳቸው ሌላ ቦታ ይቀመጡ። ሙሉ ትሪ አታቅርቢ። ትንሽ አጥሚት፣ ትንሽ ሾርባ፣ እርጎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት። «ምን አማረሽ?» ብለሽ ጠይቂና ያሉትን አምጪ። እምቢ ካሉ ሳትቆጪ አንሺው፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሞክሪ። ውኃ እንኳ ካልያዘላቸው ወይም ክብደታቸው በፍጥነት ከቀነሰ ለሐኪም ንገሪ፤ ለማቅለሽለሹ መድኃኒት አለው። ጠብ ሲቆም አብሮ መቀመጥ ይመለሳል። ራሳቸውን ስታሻሺያቸው፣ የልጅነት ወሬ ስትጠይቂያቸው ምግብ ከማጉረስ ያልተናነሰ ትጦሪያቸዋለሽ።

ወንድምሽን አትጥዪው። ሩቅ ያለ ሰው ፍርሃቱ ትእዛዝ ይሆንበታል። ግን ውሳኔው ከቤት ውስጥ መሆን አለበት። ከመናገርሽ በፊት ደውዪለትና «ልነግራት ነው፤ ካልነገርኳት ኬሞውን ታቋርጣለች» በዪው። ፈቃድ አትጠይቂው፤ አሳውቂው። ከዚያ ሥራ ስጪው፦ በሳምንት ሁለት ቀን እናትሽ ጋ የሚውል ሰው ይቅጠርልሽ፣ ለእሳቸውም ራሱ እየደወለ ያጫውታቸው።

ደክሞሻል። ይህን መናገር ነውር አይደለም፤ እናትሽን አልወደድሽም ማለትም አይደለም። ሐኪም ቤት መመላለሱን፣ ማብሰሉን፣ ሌሊት መንቃቱን፣ ምስጢር መጠበቁን ብቻሽን ይዘሽዋል። ለአለቃሽ እውነቱን ንገሪና የቀጠሮ ቀኖቹን አስቀድመሽ አስፈቅጂ። «ምን እንርዳሽ?» የሚሉ ዘመዶችና ጎረቤቶች አሉሽ ብዬ እገምታለሁ። «ምንም፣ ተመስገን» አትበያቸው። አንዷ ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ትዋል፣ ሌላዋ እንጀራውን ትጋግር። አንቺ ያን ቅዳሜ ተኚ። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ሁልጊዜ እንባ እንባ የሚልሽ ወይም መኖር ያስጠላሽ እንደሆነ ግን ባለሙያ አማክሪ። እናትሽም ለሳምንታት ሰው ማናገር ከጠሉና «ሞቼ ባረፍኩ» ማለት ካበዙ ለሐኪማቸው ተናገሪ፤ ድብርትም ከካንሰሩ ጎን ለጎን ይታከማል።