ሞንታርቦው ከመተከሉ በፊት፦ ከወሎ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ከወሎ የተላኩ ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚያነሡት ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ጉዳዩም የድምፅ ማጉያ በድንኳን፣ በአዳራሽ ወይም በሜዳ ላይ ከመተከሉ በፊት ድምፁ የት እንደሚደርስና የት እንደሚጠፋ አስልቶ በኮምፒዩተር የሚያሳየውን ሶፍትዌር የሚመለከት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን መልሳቸውን አስከትለናል።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለሠርግና ለስብሰባ የድምፅ መሣሪያ አከራያለሁ። አራት ሞንታርቦ፣ ሁለት ሳብ (የወፍራም ድምፅ ማጉያ) እና አንድ ሚክሰር አለኝ። በድንኳን ሠርግ ላይ ፊት የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ጆሯችን ታመመ ሲሉ፣ ኋላ ያሉት ደግሞ ምርቃቱ አይሰማንም ይላሉ። ሁለት ሞንታርቦ ልጨምር ወይስ ይህ ሶፍትዌር የሚባለው ነገር ይጠቅመኛል? የሚሠራው ለውድ ዕቃ ብቻ ነው ሲሉም ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እርስዎ የገለጹት ችግር የአቀማመጥ እንጂ የጉልበት ማነስ ስላልሆነ፣ ለሁለቱ ሞንታርቦዎች ያሰቡትን ገንዘብ ለጊዜው እንዲይዙት እመክራለሁ። ነገሩን በቁጥር እንየው። ከአንድ ሞንታርቦ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሳል። የፊተኛው ወንበር ከሞንታርቦው 3 ሜትር፣ የመጨረሻው 30 ሜትር ቢርቅና ሣጥኑ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል ቢቆም፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል የ20 ዲሲቤል ልዩነት ይኖራል። የ10 ዲሲቤል ጭማሪ ለጆሮ እጥፍ ያህል የጎላ ሆኖ ስለሚሰማ፣ ሽማግሌዎቹ የሚሰሙት ድምፅ ኋላ ያሉት እንግዶች ከሚሰሙት አራት እጥፍ ያህል የጎላ ነው ማለት ነው። የዋቱን መጠን እጥፍ ቢያደርጉት የሚያገኙት 3 ዲሲቤል ብቻ ሲሆን፣ እሱም ለፊተኛውም ለኋለኛውም እኩል ስለሚጨመር ልዩነቱ እንዳለ ይቀራል፤ የሽማግሌዎቹ ስቃይ ግን ይብሳል።

አሁን ደግሞ ያሉዎትን ሣጥኖች በጠንካራ ማቆሚያ ከመሬት 4 ሜትር ከፍ አድርገው ፊታቸውን በ5 ዲግሪ ያህል ዝቅ በማድረግ ወደ መጨረሻው ረድፍ ያነጣጥሯቸው። ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ጆሮ ከመሬት 1.2 ሜትር ያህል ከፍ ይላልና፣ ሣጥኑ ከፊተኛው ወንበር የሚርቀው አሁን ከ4 ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ ከርቀት ብቻ የሚመጣው ልዩነት ወደ 17 ዲሲቤል ይወርዳል። ትልቁ ጥቅም ግን ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የፊተኛው ተቀማጭ ሣጥኑ ከሚያነጣጥርበት መስመር 38 ዲግሪ ያህል ወርዶ ስለሚገኝ፣ የሣጥኑ የቁመት ሽፋን (ድምፁ ከላይ እስከ ታች የሚበተንበት ማዕዘን) 60 ዲግሪ ከሆነ ቀጭኑ ድምፅ ለእሱ ተጨማሪ 6 ዲሲቤልና ከዚያም በላይ ተቀንሶ ይደርሰዋል። አንድም ብር ሳያወጡ የ20 ዲሲቤሉን ልዩነት ወደ 11 ወይም ከዚያ በታች አወረዱት ማለት ነው።

ሶፍትዌሩ የሚሠራው ይህንኑ ሒሳብ ነው። የእሱ ብልጫ ለእያንዳንዱ ወንበርና ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ላለው ድምፅ ሁሉ በቅጽበት ማስላቱ፣ ውጤቱንም በቀለም በተሞላ የቦታው ሥዕል ላይ ማሳየቱ ነው። በነፃ የሚገኘውና የብዙ አምራቾችን ሣጥኖች የሚያካትተው የበርሊኑ ኤኤፍኤምጂ ያዘጋጀው ኢዝ ፎከስ ነው። የጀርመኑ ዲ ኤንድ ቢ አሬይካልክ፣ የፈረንሳዩ ኤል አኩስቲክስ ሳውንድቪዥን፣ የአሜሪካው ሜየር ሳውንድ ደግሞ ማፕ ስሪ ዲ የተባሉትን ያቀርባሉ፤ እነዚህ የሚያገለግሉት ለየኩባንያቸው ዕቃ ነው። አንዳንዶቹ ከማስላትም አልፈው ዕቃውን ያዋቅራሉ። ለምሳሌ በአሬይካልክ የተሠራ ዕቅድ አር ዋን በተባለው የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በኩል የዲሌይ (ድምፁን የማዘግየት) እና የድምፅ መጠን ቅንብሩን በኔትወርክ ለአምፕሊፋየሮቹ ያስተላልፋል።

የእርስዎ ሣጥን በዝርዝሩ ውስጥ ካልተገኘ የሚመስለውን ሌላ ሣጥን መርጠው እንዳይሠሩ አደራ እላለሁ። በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ሣጥኖች ድምፅ የሚበትኑበት መንገድ ፈጽሞ ሊለያይ ስለሚችል፣ የተሳሳተ ሥዕል ይዞ መሄድ ያለ ሥዕል ከመሄድ የከፋ ነው። ይልቁንም በሣጥኑ መመሪያ ላይ የተጻፈውን የሽፋን ዲግሪ ይፈልጉ። ከዚያም ድንኳኑን ከጎን እንደሚታይ አድርገው በካሬ ወረቀት ላይ፣ አንዱን ካሬ እንደ አንድ ሜትር በመቁጠር ይሣሉ፤ በመጨረሻም ከሣጥኑ አፍ ተነሥተው ሁለቱን የሽፋን መስመሮች በፕሮትራክተር ያስምሩ። ይህ የእርሳስ ሥራ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ከተማ ነው የምጽፈው። በየዓመቱ ለመውሊድ ሜዳ ላይ ብዙ ሰው ይሰበሰባል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ላይን አሬይ (አንዱ ከሌላው ሥር ተያይዘው የሚሰቀሉ ሞንታርቦዎች) ተከራይተን መትከል ብንጀምርም፣ ኋላ የሚቀመጡት ሰዎች ድቤው ይሰማናል እንጂ የመንዙማው ግጥም አይገባንም ይላሉ። ያከራየን ባለሙያ በሶፍትዌር ሠርቶ ሁሉም ቦታ አረንጓዴ፣ ማለትም ድምፁ በደንብ የሚደርስበት መሆኑን በላፕቶፑ አሳይቶን ነበር። ስሕተቱ የሶፍትዌሩ ነው?

መልስ፦ መንዙማ ያለ ግጥሙ መንዙማ ስላልሆነ ጥያቄዎ በጣም የሚገባኝ ነው። የድቤው ድምፅ ወፍራም ነው፤ ሣጥኑ ወዴትም ቢያነጣጥር ወፍራም ድምፅ በየአቅጣጫው ይሰራጫል፣ አየርም ብዙ አይውጠውም። የቃሉ ፍቺ የተሸከመው ግን እንደ ‘ስ’፣ ‘ሽ’፣ ‘ፍ’ እና ‘ጽ’ ባሉ ተነባቢዎች ላይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ቀጭን ድምፆች ስለሆኑ ሣጥኑ ያነጣጠረበትን መስመር ተከትለው ይሄዳሉ። ድቤው ተሰምቶ ቃሉ ከጠፋ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው የሣጥኖቹን ማዘንበል ነው።

ይህን የምለው በራሴ ሥራ ላይ ስለደረሰብኝ ነው። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ለተደረገ ስብሰባ ዕቅድ ስሠራ፣ ርዝመቱን በእርምጃ ቆጥሬ 50 ሜትር ነው ብዬ፣ መሬቱን ደግሞ ሜዳ ነው ብዬ አስገባሁ። በዓይን ሲያዩት በእርግጥም ሜዳ ይመስል ነበር። ስብሰባው ተጀምሮ ወደ ኋላ ስሄድ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ ደግነው አንገታቸውን ሲያሰግጉ አየሁ። ከአጠገባቸው ስቆም የተናጋሪው ድምፅ ግድግዳ ጀርባ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው ታፍኖ ይሰማ ነበር። በማግሥቱ በትክክል ስለካው የመሬቱ የኋላ ጫፍ ከመድረኩ 4 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሣጥኖቹን የሰቀልኩት 4.5 ሜትር ከፍታ ላይ ነበርና፣ መሬቱ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ወደ መጨረሻው ረድፍ 4 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብለው ማየታቸው ትክክል ነበር፤ በእውነቱ ግን ትንሽ ቀና ማለት ነበረባቸው። በዚህ የተነሣ ቀጭኑ ድምፅ አዛውንቱ ጋ ከመድረሱ በፊት መካከለኛዎቹ ረድፎች ላይ ወርዶ አለቀ። ሶፍትዌሩ የሰጠሁትን መሬት በትክክል አስልቷል፤ ያ መሬት ግን የሐይቅ መሬት አልነበረም።

ወሎ ውስጥ ደልዳላ የሚመስል መሬት ሁሉ ደልዳላ አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ሁለት ሰዎች ሆናችሁ የመሬቱን ከፍታ እንድትለኩ እለምናለሁ። ግንበኞች ውሃ ሞልተው ልክ የሚያወጡበትን ግልጽ ቱቦ ተውሳችሁ፣ ከመድረኩ ጀምሮ በየ10 ሜትሩ የከፍታውን ልዩነት በወረቀት መዝግቡ። ርቀቱንም በእርምጃ ሳይሆን በመለኪያ ሜትር ለኩ። ባለሙያው እነዚያን ቁጥሮች በሶፍትዌሩ ውስጥ ሲያስገባ በእያንዳንዱ ሣጥን መካከል ስንት ዲግሪ መሰጠት እንዳለበት ይነግረዋል።

ሁለተኛው ነገር አየሩ ነው። ሙቀቱ 15 ዲግሪ በሆነበት ጊዜ የ8,000 ኸርዝ ድምፅ 100 ሜትር ሲጓዝ፣ ከርቀቱ ቅናሽ ሌላ እርጥበቱ 20 በመቶ የሆነ አየር 20 ዲሲቤል ያህል ሲውጠው፣ እርጥበቱ 80 በመቶ የሆነ አየር ግን 8 ዲሲቤል ያህል ብቻ ይውጠዋል። በደረቅ ወቅት የሚደረግ በዓልና በክረምት የሚደረግ በዓል አንድ ዓይነት ቅንብር አይበቃቸውም ማለት ነው። በሶፍትዌሩ ውስጥ የሙቀትና የእርጥበት መሙያ ሣጥን አለ፤ ብዙ ሰው ሳይነካው ያልፈዋል። በቀን ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ድምፅ ወደ ላይ መታጠፉ፣ ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ታች ታጥፎ ሩቅ ሰፈር ድረስ መሄዱ ግን በእነዚህ የተለመዱ ሥዕሎች ላይ አይታይም።

ሜዳው ከ60 ሜትር በላይ ከረዘመ በመካከል ሁለተኛ ጥንድ ሞንታርቦ ማቆም ከሁሉ ይሻላል። ድምፅ በ14 ወይም በ15 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ 34 ሜትር ርቀው የሚቆሙት ሞንታርቦዎች በ100 ሚሊሰከንድ መዘግየት አለባቸው። እኔ በዚያ ላይ 10 ሚሊሰከንድ እጨምራለሁ። ሄልሙት ሐስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳሳየው፣ ጆሮ የድምፅን አቅጣጫ የሚወስነው ቀድሞ በደረሰው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ከአጠገቡ ካለው ሞንታርቦ የሚሰማው ሰው እንኳ መንዙማው ከመድረኩ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ላይን አሬይ ከባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ። አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች የተሰቀለውን ዕቃ ጠቅላላ ክብደት ያሳያሉ፤ ያንን ቁጥር ሳታዩና የሚሸከመውን ብረት ሳታረጋግጡ ከሰው ራስ በላይ ምንም ነገር እንዳይሰቀል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የሚገኝ የስብሰባ አዳራሽ ኃላፊ ነኝ። አዳራሹ 20 ሜትር በ12 ሜትር ሲሆን ቁመቱ 6 ሜትር ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን ነው። ንግግር እንደ ገደል ማሚቶ ይደጋገማል። ሶፍትዌር ተጠቅሞ ሞንታርቦዎቹን ማስተካከል ይህን ያጠፋዋል?

መልስ፦ አያጠፋውም። ኢዝ ፎከስን የመሰሉት ነፃ ሶፍትዌሮች የሚያሰሉት ከሣጥኑ በቀጥታ ጆሮ ላይ የሚደርሰውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ከግድግዳና ከኮርኒስ ተንጥሮ የሚመለሰውን አያዩም። የአዳራሽዎ ሥዕል አረንጓዴ ሆኖ ንግግሩ ሊጠፋ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። የአዳራሽን ነጸብራቅ የሚያሰላው ሙሉው ኢዝ በገንዘብ የሚሸጥ ሲሆን፣ ለእርስዎ አዳራሽ ግን የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለፈው የሳቢን ቀመር ይበቃል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ በሃርቫርድ የነበረን አንድ የሚያስተጋባ አዳራሽ ከሌላ አዳራሽ ሌሊት ሌሊት በሚያስመጣቸው የወንበር ትራሶች እየሞላ በመለካት ያገኘው ነው፤ የአዳራሹ ይዘት በ0.161 ተባዝቶ ለጠቅላላው የመምጠጥ አቅም ሲካፈል፣ ድምፅ ለመሞት የሚፈጅበትን ሰከንድ ይሰጣል።

የእርስዎ አዳራሽ 1,440 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ወለሉ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው አንድ ላይ 864 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ጠንካራ ገጽ በአማካይ 5 በመቶ ይመጥጣል ብንል፣ ባዶ አዳራሽዎ ውስጥ ድምፅ ለመሞት 5.4 ሰከንድ ይፈጅበታል። አንድ ሰው ከነልብሱ ድምፅን ሙሉ በሙሉ የሚመጥጥ ግማሽ ካሬ ሜትር ገጽ ያህል የሚመጥጥ ስለሆነ፣ 200 ሰው ሲገባ ወደ 1.6 ሰከንድ ይወርዳል። 100 ሰው ብቻ ሲመጣ ግን 2.5 ሰከንድ ነው፤ የሚቸገሩት በጉባኤ ቀን ሳይሆን በአነስተኛ ስብሰባ ቀን እንደሆነ እገምታለሁ። ለንግግር የምንፈልገው አንድ ሰከንድ አካባቢ ነውና፣ በኋለኛው ግድግዳና በሁለቱ ጎኖች ላይ ታጥፎ የሚንጠለጠል ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ፣ መተላለፊያውንም ስጋጃ ያልብሱት። ሞንታርቦዎቹንም ወደ ሰው እንጂ ወደ ባዶ ግድግዳ እንዳያዩ አድርገው ያዘንብሏቸው። ሶፍትዌሩ የሚያግዝዎ በዚህ በመጨረሻው ሥራ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ወልድያ የምኖር ተማሪ ነኝ። ደሴ ከኮምቦልቻ ይልቅ ከፍ ያለ ስለሆነ ድምፅ እዚያ በዝግታ ይጓዛል የሚባለው እውነት ነው? በሶፍትዌሩ ላይስ ከፍታ ይሞላል?

መልስ፦ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ከፍታው በራሱ አይደለም። ከፍታው ዋጋ የሚኖረው አየሩን ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 348 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ደሴ ሌሊት 10 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 337 ሜትር ያህል። 40 ሜትር ርቀት ላይ ለቆመ ሞንታርቦ የዲሌይ ልዩነቱ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ የተሠራን ዕቅድ ደሴ ላይ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሙቀቱን ቁጥር ይለውጡ፤ የሚያስገቡትም ዕቃው በቀን የሚተከልበትን ሰዓት ሙቀት ሳይሆን መርሐ ግብሩ የሚካሄድበትን ሰዓት ሙቀት ይሁን።