«እህቴ ኦማን ባሕሩ ጥግ ናት፣ ምን ልበላት?» ለሚለው

ወንድሜ፣ «እህቴ ኦማን ሱወይቅ ባሕሩ ጥግ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አውሎ ነፋስ ይመጣል ይላሉ፤ ጎርፉ እንደኛው የጅማ ወንዝ፣ እንደ አዌቱ ነው?» ላልከው፣ አይደለም። አዌቱ ሲሞላ ውሃው ከላይ ይወርዳል፣ ዝናቡ ሲያባራ ይጎድላል። የባሕሩን ግን ነፋስ ነው ገፍቶ የሚያመጣው፤ ጠብታ ዝናብ ሳይጥልም ሊገባ ይችላል።

አውሎ ነፋስ ሲመጣ የአየር ግፊት ይወርዳል፤ በ1 ሚሊባር ሲወርድ ባሕሩ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። 1013 የነበረው 970 ከገባ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆነ። ይሄ ትንሹ ነው፤ ትልቁን የሚከምረው ነፋሱ ነው። ባሕሩ በየዕለቱ ከሚሞላበት ሰዓት ጋር ከገጠመማ አያድርስ። የአውሎ ነፋሱ እምብርት የት እንደሚገባም ጠይቁ፤ በሚጓዝበት አቅጣጫ ቆመህ ስታይ በቀኝህ ያለው ዳርቻ ነው ይበልጥ የሚመታው።

ሱወይቅ ያለችበት የባጢና ዳርቻ ሌላም ጣጣ አለበት። ከሐጀር ተራራ የሚወርደው የወዲ (ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚሞላ ደረቅ ወንዝ) ጎርፍ ወደ ባሕር ሲደርስ የተነሳው ባሕር አፉን ይዘጋበትና ወደ ሰፈር ይመለሳል። ሻሂን የተባለው አውሎ ነፋስ መስከረም 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የገባው በዚሁ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ውጡ ከተባለ ቶሎ፣ ገና ደረቅ ሳለ፣ ወዲ ሳያቋርጡ መውጣት ነው። ከመሸ ወይም መንገዱ ውሃ ከያዘ ግን መውጣቱ ይቅርና ፎቅ ትውጣ። 15 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ሰው ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል።

የምትተኛው ምድር ቤት ወይም ግቢው ጀርባ ባለች ክፍል ከሆነ፣ ያን ሌሊት ፎቅ እንድታድር ቀድማ ማዳምን ትጠይቅ። ይሄን አጥብቀህ ንገራት። ምንጣፍና ዕቃ ማውጣት ካለባት በቀን ታውጣ፤ ውሃ ከገባ በኋላ ማንም ቢላት አትውረድ። ውሃው ሁልጊዜ በበር አይመጣም፤ አንዳንዴ መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ማፍሰሻ ይንጎደጎድና ወደ ላይ መትፋት ይጀምራል። ያን ካየች ቆጣሪው ጋ ያለውን የመብራት ዋና ማጥፊያ፣ እግሯም እጇም ደረቅ ከሆነ ብቻ፣ ታጥፋ። መሬት ላይ ያለው ታንከር ጨው ከገባበት አይጠጣም፤ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር እያለች የ3 ቀን ውሃ ጀሪካን ሞልታ ፎቅ ታስቀምጥ።

ነፋሱ ድንገት ፀጥ ካለ እምብርቱ እያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በተቃራኒ አቅጣጫ ይመለሳል። ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋ ቢታይም ለማየት ወርዳ እንዳትሄድ።

ፓስፖርቷን ወይም ፎቶውን በላስቲክ ጠቅልላ ትያዝ። የኦማን ፖሊስ የድንገተኛ ስልክ 9999 ነው። አንተም በኢሞ ደጋግመህ አትደውል፣ ባትሪዋን ትጨርስባታለህ፤ አጭር መልእክት ይሻላል፣ መስመር ሲጨናነቅም ያልፋል። ሰዓቱን እንዳትስቱ፦ እዚያ በፈረንጅ ሰዓት ከሌሊቱ 2 ሲባል ጅማ በኛ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ነው።

ውሃው ሲጎድል ጨው የነካውን ፍሪጅም ሆነ ዲናሞ ደረቀ ብላ አትሰካ። ጨው ውስጡ ይቀራል፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ባለሙያ ሳያየው አይነካም።