ስለ ሰውነት ማሟሟቂያ፣ ስለ ማቀዝቀዣና በሩጫ ጊዜ ስለ እግር አረጋገጥ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ አሰልጣኛችን ከጨዋታ በፊት አንድ ቦታ ቆመን የእግር ጡንቻዎቻችንን ለረጅም ጊዜ እንድናሳስብ ያደርጉናል፤ ጓደኛዬ ግን ይህ ፍጥነት ይቀንሳል ይለኛል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ወደ እውነቱ ይቀርባል። አንድን ጡንቻ ሳያንቀሳቅሱ ከ60 ሰከንድ በላይ ወጥሮ መያዝ ወዲያው በሚከተለው ዝላይና የአጭር ርቀት ሩጫ ላይ ኃይልን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ከ30 ሰከንድ ካላለፈና ሌላ እንቅስቃሴ ከተከተለው ግን የሚያስፈራ አይደለም። የማሟሟቂያ ዋና ዓላማ ጡንቻን ማሞቅ ነው፤ የሞቀ ጡንቻ ፈጥኖ ይኮማተራል፣ ከደሙም ኦክስጅን በቀላሉ ያገኛል። ፊፋ ለእግር ኳስ ተጫዋቾች ያስተዋወቀው «11+» የተሰኘ ማሟሟቂያ ጥሩ አብነት ነው፤ በ8 ደቂቃ ሶምሶማ ይጀምርና 10 ደቂቃ ያህል የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ልምምድ ካሠራ በኋላ በ2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ ያበቃል፤ አዘውትረው በሠሩት ቡድኖች ዘንድም ጉዳት መቀነሱ በጥናት ታይቷል። ጊዜ አጠረን ሲባል ቶሎ የሚዘለለው መካከለኛው ክፍል ነው፤ በእኔ እምነት ግን ፍሬው ያለው እዚያው ላይ ነው። ከልምምዶቹ በአንዱ ተጫዋቹ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ከኋላ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቹን አጥብቆ ይይዝለታል፣ እርሱም ከጉልበቱ እስከ ራሱ ቀጥ እንዳለ፣ መቋቋም እስኪያቅተው ድረስ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወርድና መሬቱን በእጆቹ ይቀበላል። ሲፈተለኩ ብዙ ጊዜ የሚጎዳውን የኋላ ታፋ ጡንቻ የሚያጠነክረው ይህ ነው።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ በክረምቱ ብርድ የት ላሟሙቅ?

መልስ፦ ቤት ውስጥ ያሟሙቁና ሳይቆዩ ይውጡ። ቆመው ከጠበቁ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይከዳዎታል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትሩን ጨርሼ ቀጥ ብዬ ስቆም ዞረብኝ። በማግስቱ ደግሞ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ሁለቱም ሰውነቴን ስላላቀዘቀዝኩ ነውን?

መልስ፦ የመጀመሪያው አዎ፣ ሁለተኛው አይደለም። ስንሮጥ የባት ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደምን ወደ ልብ ይገፋል፤ ድንገት ስንቆም ይህ ግፊት ይቋረጥና ደሙ በሰፉት የእግር የደም ሥሮች ውስጥ ስለሚጠራቀም የደም ግፊት ይወርዳል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መራመድ ይህን ይከላከላል። የማግስቱ ሕመም ግን ጡንቻው ካልለመደው ሥራ የመጣ ጥቃቅን ጉዳት እንጂ፣ እንደሚባለው ጡንቻ በኃይል ሲሠራ የሚፈጠረው የላክቲክ አሲድ ቅሪት አይደለም፤ እርሱ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጠራል፣ ሕመሙ ግን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ማዞሩ ገና እየሮጡ ሳሉ ከመጣ፣ ወይም የደረት ሕመም ካለው፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ከእንጦጦ ቁልቁል ስሮጥ ጉልበቴን ያመኛል። በእግር ጣቶቼ በኩል ብረግጥ ይሻላል?

መልስ፦ በሩጫ እያንዳንዱ እርግጫ ከሰውነት ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ የሚደርስ ጫና አለው፤ በቁልቁለት ደግሞ የፊት ታፋ ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ስለሚይዝ ጉልበት ይበልጥ ይጨነቃል። እርምጃውን የሚያስረዝም ሯጭ እግሩ ከሰውነቱ እጅግ ቀድሞ ስለሚያርፍ ጫናውን ራሱ ይጨምራል። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ እርምጃዎን ይቁጠሩና በዚያው ፍጥነት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያብዙት፤ 160 ከሆነ ከ168 እስከ 176 ማለት ነው። ብዙዎች እንደ ሕግ የያዙት 180 በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ምርጥ ሯጮች ላይ ከታየ ቆጠራ የመነጨ ነው፤ ቁመትና ፍጥነት ስለሚለውጡት ግዴታ አያድርጉት። በጣቶች በኩል መርገጥ ጫናውን ከጉልበት ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ጅማትዎ ካልለመደው ሌላ ሕመም ይጨመርብዎታል።