የጭልፊቷና የእባቡ ጋብቻ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የ16 ዓመት ልጅሽ «ኪዬሻራ» የሚባል ተከታታይ ልቦለድ ይዛ ቤት ገብታለች። ሰው ወደ ወፍና ወደ እባብ የሚለወጥበት የፍቅር ታሪክ ነው። ደራሲዋም ስትጽፈው ገና ልጅ ነበረች። «ልተዋት ወይስ ልከልክላት? እኔስ ባነበው የማገኘው ነገር አለ?» ነው ያልሽው። አምስቱንም መጻሕፍት ስለጨረስኳቸው ትንሽ ባስረዝም አትቀየሚኝ።

እኔ የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፣ የማታ ተረኛ ነኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ጭር ሲል እንቅልፍ እንዳይጥለኝ የሆነ ነገር መያዝ አለብኝ። አንድ ቀን ልጄ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን የመጀመሪያውን መጽሐፍ፣ «ሆክሶንግ»ን፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ሽፋኑ አሳፍሮኝ በጋዜጣ ጠቅልዬው ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ጦር ሜዳ ላይ ነው። ዳኒካ የጭልፊቶቹ አልጋ ወራሽ ናት። ከሬሳው መሀል እያጣጣረ ያለ ወጣት ታገኛለች። ጠላት ነው፣ የእባቦቹ ንጉሣዊ ቤተሰብ ልጅ። ጥላው መሄድ ትችላለች። እሷ ግን አጠገቡ ትቀመጥና ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ እሹሩሩ ታዜምለታለች። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔም በዚህ ሥራ ስንት የማላውቀውን ሰው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሸኝቻለሁ። የሁሉንም ክፍል አንዴ ዞሬ አይቼ መጣሁና ቀጠልኩ።

ጦርነቱ ለምን እንደተጀመረ ማንም አያስታውስም። ሁለቱም ቤተሰብ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። ከዚያ ወደ ነብርነት የሚለወጡት ሕዝቦች ሽምግልና ይገቡና አንድ ነገር ያቀርባሉ፦ ዳኒካና የሟቹ ወንድም ዜን ይጋቡ። ሁለቱም ወገን በቁጣ ይነሳል። እኔ ግን ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ዘውዲቱ ምኒልክ ገና ሕፃን ልጅ ሳለች ለአጼ ዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ የተዳረችው ለምን ሆነና? ልዩነቱ፣ እነ ዳኒካ አድገዋል፣ ወስነው ነው የገቡበት።

ለእኔ መጽሐፉን የሚያስነብበው ይሄ ነው። ፍቅሩ ከጋብቻው በኋላ ነው የሚመጣው፤ እሱም እየተንፏቀቀ። ጭልፊቶቹ ስሜት ማሳየት ነውር የሆነባቸው ሕዝብ ናቸው፤ የገዛ ወንድማቸውን ቀብረው እንኳ እንባ አያወጡም። (እኛ ለቅሶ ቤት ብንጋብዛቸው ምን ይሉ ነበር?) እባቦቹ ደግሞ መነካካት፣ መተቃቀፍ፣ መጨፈር የሚወዱ ናቸው። እሱ እጇን መንካቱ ለሱ ምንም ማለት አይደለም፣ እሷ ግን ድንጋይ ትሆናለች። በዚያ ላይ ቀይ ዓይኖቹ ያስፈሯታል። ከዚህ ፍርሃት ተነስተው አንድ ክፍል ውስጥ ተረጋግተው መቀመጥ እስኪችሉ ድረስ ያለውን መንገድ ደራሲዋ አትዘልልም። እናቴ አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በሰርጓ ቀን ነው። «አንድ ዓመት ሙሉ ቀና ብዬ ፊቱን አላየሁትም» ትላለች። ለምን እንደገባኝ አሁን ተረዳሽ?

ደራሲዋ አሜሊያ አትዋተር-ሮድስ ትባላለች። በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የተወለደችው፣ ያው የኛ ሰው የሚበዛበት ሰፈር፤ ያደገችው ግን ማሳቹሴትስ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፏን በ13 ዓመቷ ጽፋ በ1999 ታተመላት። «ሆክሶንግ» በ2003 ሲወጣ 19 ዓመቷ ነበር፤ ከ«ትዋይላይት»፣ ከዚያ ከታወቀው የቫምፓየርና የልጃገረድ የፍቅር ልቦለድ፣ በሁለት ዓመት ይቀድማል። እዚህ ግን እንደዚያ አንዱ ኃያል፣ አንዷ ምስኪን አይደሉም። ሁለቱም ወራሾች ናቸው፣ ሁለቱም የሚያጡት ነገር አላቸው።

ልጅነቷ ግን ያስታውቃል። ስሙና ማዕረጉ ይበዛል፤ ሃምሳ ገጽ እስክትደርሺ ማን የማን እንደሆነ ይምታታብሻል። የመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻም ተጣድፏል። ሦስተኛው እኔን አሰልችቶኛል። በየመጽሐፉ ተራኪው ስለሚቀያየር፣ ከለመድሽው ሰው ጋር እንደገና መለያየት አለ።

«ሰው አውሬ ሲሆን ልጄን አያበላሻትም ወይ?» ላልሽው፦ እኛም እኮ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባልን ነው ያደግነው። ያ ወሬ ስንቱን ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ከጎረቤት እንዳገለለ ታውቂያለሽ። እዚህ መጽሐፍ ውስጥም ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ አውሬ ይባባላሉ። ልጄ ይህንን ስታነብ ስለ ቡዳ ጠየቀችኝ፤ አንድ ማታ ሙሉ አወራን። በሌላ መንገድ ያ ወሬ ቤታችን አይነሳም ነበር።

አልጋ ላይ የሚሆነው በግልጽ አይጻፍም፣ ለ16 ዓመት ልጅ የሚከብድ አይደለም። ግድያ ግን አለ። ሌላው፣ አራተኛው መጽሐፍ ላይ የነዳኒካ ልጅ ኦሊዛ በመጨረሻ የምትመርጠው ሴት ናት። በየቤቱ የሚያነጋግር ነገር ስለሆነ ድንገት እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው። እኔ ብሆን አልከለክላትም፤ እሷ አንዱን ስትጨርስ እየተቀበልኩ አነብ ነበር።

ባለፈው ለእናቴ በስልክ ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገርኳት። ጦርነቱን፣ ሽምግልናውን፣ ሰርጉን። ዝም ብላ ሰማችና፣ «እና ወለዱ?» አለች።

«አዎ እማዬ፣ ሴት ልጅ።»

«ምን ሆና ወጣች?»

«ክንፍ ያላት እባብ።»

ትንሽ አሰበች። «ይሁን፣ ከሁለቱም ወስዳለች» አለችኝ።