ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቁ

ልጆቼ፣

ከደሴ ተነስታችሁ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ስትመጡ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር የመኪናው ሸክም ወደ ፊት ጎማዎች ያጋድላል። ያን ጊዜ ከሥር «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ የምትሰሙ ከሆነ፣ ብሎኑንም ያጠበቃችሁት ራሳችሁ ከሆናችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

በግቢያችሁ መኪና መፍታት መጀመራችሁን አልነቅፍም። መለዋወጫው ተወዷል፣ የእጅ ዋጋም እንደዚያው። ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ እንዴት እንደሚወልቅ የሚያሳይ ቪዲዮም ሞልቷል። እኔን የሚያሳስበኝ መግጠሙ ነው፤ ብሎን የሚጠብቅባት ደቂቃ ከቪዲዮው ላይ ሁልጊዜ ተቆርጣ ትቀራለች።

የራሴን ጥፋት ላስቀድም። በመካኒክነት ብዙ ዓመት ከቆየሁ በኋላ የሆነ ነው፤ የሚያሳፍረኝም ለዚህ ነው። አንድ መምህር የመኪናውን የፊት ክንዶች ጎሚኒ፣ ማለትም ክንዱ የሚታሰርበትን ላስቲክ፣ አስቀየረኝ። በሦስተኛው ወር ድምፁ ተመልሶ መጣ። ቀየርኩለት። እንደገና መጣ። እኔም በቀጥታ መለዋወጫ ሻጩ ዘንድ ሄጄ «ሐጂ፣ የሸጡልኝ ጎሚኒ አስመስሎ የተሠራ ነው» ብዬ ሰው ፊት ተናገርኳቸው። እሳቸው ምንም አልመለሱልኝም፤ ሌላ ጥንድ አውጥተው ያለ ገንዘብ ሰጡኝ። በሦስተኛው ጊዜ ያረጀውን አውጥቼ ሳየው ላስቲኩ በግራውም በቀኙም ክንድ በአንድ አቅጣጫ ተቀዷል። አጠገቤ የቆመው ተለማማጅ ልጅ «ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ተንጠልጥሎ ነው የምናጠብቀው?» አለኝ። መፍቻውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎሚኒ ውጪውም ውስጡም ብረት ነው፤ ላስቲኩ በመካከል አለ። የውጪው ቀለበት ክንዱ ውስጥ ተጨምቆ ይገባል። የውስጡን ቱቦ ብሎኑ ነክሶ ይይዘዋል። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ክንዱ ይነሳል፣ ቱቦው ግን ንቅንቅ አይልም፤ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። ስለዚህ ብሎኑ የጠበቀበት ቦታ የላስቲኩ ማረፊያ ይሆናል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ ጎማው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁ፣ መኪናውን ስታወርዱት ላስቲኩ እንደሚጨመቅ ልብስ ይጣመማል፤ ቆሞም እንደተጣመመ ያድራል። ሐረጎን ገና ሳይጀምር ግማሽ ጉልበቱ አልቋል።

መፍትሔው ወጪ የለውም። ከመፍታታችሁ በፊት መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት ለኩና ጻፉት። ስትገጥሙ የጎሚኒዎቹን ብሎኖች በእጅ ያህል ብቻ አስይዟቸው። ከዚያ መኪናው በብረት መቆሚያ ላይ እንዳለ ሌላ ክሪክ በክንዱ ጫፍ፣ ክንዱን ከጎማው ማያያዣ ጋር ከሚያገናኘው ከቦል ጆይንቱ ሥር አስገብታችሁ የጻፋችሁት ቁጥር እስኪመጣ አንሱት። ያን ጊዜ አጥብቁ። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ደግሞ በአራቱም ጎማ አቁሞ ከሥር ማጥበቅ ይበልጣል። የቦል ጆይንት ዳዶና ሾክ አብሶርበሩን ከጎማው ማያያዣ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ግን የሚጠማዘዝ ላስቲክ ስለሌላቸው ተንጠልጥለውም ቢጠብቁ ግድ የለም። በድንጋይ ተደግፎ የቆመ መኪና ሥር ስለሚገባ ሰው ምንም አልጽፍም፤ ለእሱ ደብዳቤ አይበቃውም።

ሌላው የጥብቀቱ ልክ ነው። «እጄ ያውቃል» የሚል መካኒክ ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። እጅ የሚያውቀው ድካሙን ነው፤ ጠዋት ያጠበቀውና ማታ ያጠበቀው አይመሳሰልም። የብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች የጎማ ዳዶ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ በግማሽ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ የአንድ ሜትር ቱቦ ሰክቶ ጫፉ ላይ ቢቆም ግን 590 ገደማ ይደርሳል። ቱቦ ለመፍታት እንጂ ለማጥበቅ አልተፈጠረም። ብሎን ሲጠብቅ እንደ ሞላ በጥቂቱ ይሳባል፤ ዕቃውን አጣብቆ የሚይዘውም ያ ልመለስ ልመለስ የሚለው ጉልበቱ ነው። ከልኩ ካለፈ ተስቦ ይቀራል፣ በዓይንም አይለይም።

ከምትሰጡት ጉልበት አብዛኛውን የሚበላው ሰበቃ መሆኑንም እወቁ፤ ለመያዣ የሚተርፈው ከአሥር አንድ እጅ ያህል ነው። ጥርሱን ግራሶ ስትቀቡት ሰበቃው ይቀንስና በዚያው ቁጥር ብሎኑ ከልኩ በላይ ይሳባል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፤ የጥገና መጽሐፉ ቅቡ ካላለ ግን አትቀቡ። ውስጡ ናይሎን ያለበት ዳዶ ከተፈታ በአዲስ ይቀየር። በቦል ጆይንቱ ላይ ያለው ዘውድ የመሰለ ዳዶ ከልኩ ደርሶ የመቆለፊያ ሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ፣ ወደፊት ጥቂት ጨምሩ እንጂ ወደኋላ አትመልሱት።

ቶርክ ሬንች፣ ልኩን እየለካ የሚያጠብቀው መፍቻ፣ ውድ ነው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ግን አምስት ሆናችሁ እቁብ ብትጥሉ ለሰፈር አንድ ይበቃል። ለመፍታት አትጠቀሙበት፣ «ቀጭ» ሲል አቁሙ፣ ስትጨርሱ ወደ ታችኛው ቁጥር መልሱት።

ሐጂ ዘንድ በማግሥቱ ሄድኩ። «አውፍ ይበሉኝ» አልኳቸው። «አብሽር፣ ቡናው ደርሷል» ብለው አስቀመጡኝ፤ ያለ ገንዘብ የሰጡኝን ጥንድ ዋጋም እምቢ ብለው አልተቀበሉኝም።

ከዚያ ወዲህ ያጠበቅኩትን ብሎን ሁሉ ከዳዶው እስከ ብረቱ በቀጭን የቀለም መስመር አገናኘዋለሁ። ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ደሴ ስትመለሱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኗችኋል፤ የጎማውን ዳዶዎች በዚያው ልክ እንደገና ፈትሹ፣ ከሥርም በባትሪ አብርታችሁ መስመሩ መሰበር አለመሰበሩን እዩ። ቀዩ የጥፍር ቀለም ከሁሉ ይሻላል፤ ዘይት ቶሎ አያስለቅቀውም። የእኔን የምወስደው ከልጄ ነው፤ ጠርሙሱ ባለቀ ቁጥር ታኮርፈኛለች።