ለመጸለይ ቃል ለጠፋባችሁ

ውድ ወጣቶች፣

በቅርቡ ከአምልኮ በኋላ አንዲት ወጣት ቀረብ ብላ፣ «መጸለይ ካቃተኝ ወራት አልፈዋል፤ ታዲያ እምነቴ ጠፍቷል ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። በቆምንበት ልመልሰው የምችለው ጥያቄ ስላልነበረ ጊዜ እንድትሰጠኝ ለመንኋት። ቤቴ ገብቼ መልሱን ሳሰላስል ግን፣ እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ጥያቄ ያቀረብሁላቸው አንድ ሰው በዓይነ ልቡናዬ ድቅን አሉ። ውለታቸው ምን ያህል እንደ ነበረ ሳልነግራቸው መሞታቸው እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ፣ ለእርሷ የምሰጠውን መልስ ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንሁ።

እኚህ ሰው የሒሳብ ክፍላችን ኃላፊ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ በሥራቸው ያለሁ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርሁ። የመጀመሪያ ልጃችን ታሞ በሞተብን ጊዜ ሊያጽናናን ብዙ ሰው መጣ። ሁሉም በፍቅር እንደመጡ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንዱ «ለበጎ ነው» ሲለን፣ ሌላው «ብዙ ማልቀስ እምነት ማጣት ነው» ሲለን፣ እኔና ባለቤቴ በኀዘናችን ላይ ኀዘናችንን የመደበቅ ሸክም ተጨመረብን። ኃላፊዬ ግን መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ተነሥተው እስኪሄዱም ድረስ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ወደ ሥራ ከተመለስሁ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት፣ መጸለይ እንዳቃተኝ፣ ምናልባትም ከእንግዲህ አማኝ እንዳልሆንሁ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ወይም ረጅም ምክር ይመክሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን፣ «እንግዲያውስ እኔ አነብባለሁ፤ ከቻልህ አሜን በል፤ ካልቻልህ ዝም ብለህ ስማ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሥራ ሰዓት ከመድረሱ በፊት በቢሯቸው እየተገናኘን፣ መዝገቦቹን ገፋ አድርገው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘረጉና ከመዝሙረ ዳዊት አንድ መዝሙር ያነቡልኝ ነበር። ማብራሪያ አይጨምሩም፤ ምን እንደተሰማኝም አይጠይቁኝም። አንብበው ሲጨርሱ መጽሐፉን ዘግተው የዕለቱን ሥራ ይሰጡኛል።

አንድ ጠዋት መዝሙር 88 ላይ ደረስን፤ አንዳንድ የአማርኛ እትሞች የሰባ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክ ትርጉም፣ አቆጣጠር ተከትለው 87 ይሉታል። የልቅሶ መዝሙሮች አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ። ይህኛው ግን አይመለስም፤ ወዳጅ እንደራቀ፣ ጨለማውም እንዳለ ያበቃል። ሰምቼ ስጨርስ ተቆጣሁ፤ «እንዲህ ያለ ነገር በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል?» አልኋቸው። እርሳቸውም በዚያ ሁሉ ጊዜ የሰጡኝን ብቸኛ ማብራሪያ ያን ዕለት ሰጡኝ፤ «ተስፋ የቆረጠ ሰው ዝም ይላል። ይህ ሰው ግን ቀንም ሌሊትም ይጮኻል፤ ወደ ማን እንደሚጮኽ ደግሞ አስተውል» አሉ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ወደ ቢሯቸው አልሄድሁም። ስመለስ መጽሐፉን የገለጡት ምልክት ባደረጉበት በዚያው ገጽ ላይ ነበር፤ ያለ እኔ ወደፊት አላለፉም።

ስለ እርሳቸው ስጽፍ የሥራ ልማዳቸውም ትዝ ይለኛል። በመዝገብ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ቢገኝ እንዲፋቅ ፈጽሞ አይፈቅዱም ነበር፤ የቀደመው ቁጥር እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበትና ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል። ልቅሶ ስሕተት ባይሆንም፣ መዝሙሮቹን ጠብቀው ያቆዩልን ሰዎች ተመሳሳይ ጥንቃቄ እንዳደረጉ አስባለሁ፤ ምስጋናው ሲመጣ ልቅሶውን አልፋቁትም።

ጸሎት መቼ እንደተመለሰልኝ ቀኑን ለይቼ መናገር አልችልም። አንድ ጠዋት አሜን የሚለውን ቃል ድምፄን አውጥቼ እንዳልሁት ብቻ አስታውሳለሁ፤ እርሳቸውም እንዳልሰሙ ሆነው ሥራዬን ሰጡኝ። በኋላ ጡረታ ወጥተው ወደ ሩቅ አገር ሄዱ፤ ሄጄ ልጠይቃቸው ሳስብ የሞታቸው ወሬ ቀደመኝ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ልጄ። የጠፋብሽ ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ መዋስ ይቻላል። ከ150ዎቹ መዝሙሮች መካከል በብዛት የሚገኘው የልቅሶና የአቤቱታ ዓይነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ጸሎቷ አድርጋ ይዛዋለች። ጌታችን ራሱ በመስቀል ላይ ሳለ «ለምን ተውኸኝ» ብሎ የጮኸው በመዝሙር 22 የመክፈቻ ቃል ነው። ኢዮብ አምርሮ ተናግሯል፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቈጣው ለራሱ ለእግዚአብሔር ጠበቃ በሆኑት በሦስቱ የኢዮብ ወዳጆች ላይ ነው፤ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር እንዳልተናገሩም ነግሯቸዋል። እነዚሁ ወዳጆች ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከኢዮብ ጋር በመሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። የተበላሸው አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ስለዚህ ለኀዘንተኛ አትናገሩ ማለት እወዳለሁ፤ ሆኖም በመዝሙር 88 ጊዜ የተነገረኝ ያ አንድ ዐረፍተ ነገር ባይኖር ኖሮ ዛሬ የት እንደምሆን ስለማላውቅ፣ ይህን ምክር አጥብቄ ልይዘው አልችልም።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ከእኛ የምትሻሉበት ነገር አለ፤ እኛ እያፈርን የደበቅነውን ጥርጣሬ እናንተ በግልጽ ትጠይቃላችሁ። ነገር ግን በስልካችሁ ከምትሰሟቸው አጫጭር ስብከቶች ብዛት ጋር ሲነጻጸር፣ አንድ ሙሉ መዝሙር በቃሉ የሚያውቅ ወጣት የማገኘው በጣም አልፎ አልፎ ነው። የምትሰሙትም አብዛኛው ስለ ድልና ስለ በረከት ብቻ ስለሚናገር፣ መከራ ሲመጣ የተታለላችሁ ይመስላችኋል። ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 በናዚዎች ታስሮ ከእስር ቤት ለወላጆቹ ሲጽፍ፣ ለዓመታት እንደለመደው መዝሙሮቹን በየዕለቱ እንደሚያነብ ገልጾላቸው ነበር። በ1945 በስቅላት ገደሉት። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ልማዱ ከመታሰሩ በፊት የነበረ መሆኑን ነው፤ ክፉ ቀን ከደረሰ በኋላ አዲስ ልማድ መጀመር እጅግ ከባድ ነው።

ሥጋንም አትናቁት። ነቢዩ ኤልያስ በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ሞቱን ለመነ፤ የመጣለት መልአክ ግን አልገሠጸውም። አንቀላፍቶ ሳለ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ኤልያስም እንደገና ተኛ፤ መልአኩም እንደገና ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር በኮሬብ ያናገረው ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍና ምግብ ከራቃችሁ፣ ወይም መኖር እስከመጥላት ከደረሳችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ይህን የእምነት ጉድለት አድርገው የሚነግሯችሁን አትስሟቸው።

ሐዋርያው ጳውሎስም ብቻውን መቆም እንደሚችል አላስመሰለም። ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት መጨረሻ፣ በፍርድ ፊት ሲቆም ሁሉም እንደተዉት፣ ጌታ ግን በአጠገቡ እንደቆመ ይነግረዋል። በዚያው ምዕራፍ ግን በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት፣ ከክረምትም በፊት እንዲደርስለት ይለምነዋል። የጌታ አብሮነት የጢሞቴዎስን መምጣት አላስቀረውም።

ስለዚህ፣ ልጄ፣ ከጉባኤው አትራቂ፤ ከመዘምራኑ ጋር መዘመር ቢያቅትሽ እንኳ ከኋላ ተቀምጠሽ ስሚ። ከምእመናኑ መካከል በዕድሜ የሚበልጥሽና ንግግር የማያበዛ አንድ ሰው ፈልገሽ እንዲያነብልሽ ለምኚ፤ ምን ተሰማሽ ብሎ ቢጠይቅሽ የመመለስ ግዴታ የለብሽም። በመዝሙር 13 ጀምሩ፤ አጭር ነው። ቀጥላችሁ 42ን፣ ከዚያም 77ን አንብቡ። 88ን ግን ሰው አጠገብሽ ሳይኖር ብቻሽን አታንብቢው።